ከጉድጓዱ አፍ ላይ የቆመችው ኳስ

እስከ መጨረሻው የጎልፍ ጉድጓድ ድረስ የፈሰሰው ደም ከኤፊ ከንፈር የወጣው ብቻ ነበር። መንገድ ላይ ሮና በክርኗ ጎሽማት፣ «ነፋሱ ገፍቶኝ ነው» ብላለች። ኤፊ ደሟን አሸዋው ላይ ተፍታ ጨዋታዋን ቀጠለች። ሁለቱ እህትማማቾች ሲነካከሱ ነው ያደጉት።

የሚጫወቱት ለዓሣ ማጥመጃው ጀልባ ነው፤ ያሸነፈች ትወስደዋለች። አባታቸው ሙርዶ ዳሌው ከተሰበረ ወዲህ ባሕር አልወጣም፤ ልጆቹ ደግሞ አንድ ጀልባ ላይ ሳይደባደቡ ውለው አያውቁም። «ፍርድ ቤት ሄዳችሁ ጠበቃ ከምታደልቡ፣ እንደ አገራችን እንደ ፊፍ ሰው በጎልፍ ጨርሱት» አላቸው። «ዳኛው እኔ ነኝ። እኩል ከወጣችሁ ለታላቂቱ።»

ታላቂቱ ኤፊ ናት።

እስከ መጨረሻው ጉድጓድ እኩል ነበሩ፤ እሱን ሮና በአራት ምት ጨርሳለች። ኤፊም በአራተኛዋ ምት ካስገባች እኩል ናቸው፤ ጀልባው የኤፊ ሆነ ማለት ነው። ኤፊ መታች። ኳሷ በተላጨው ሣር ላይ ተንከባልላ ተንከባልላ፣ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ግማሽ አካሏን አንጠልጥላ ቆመች።

«አለቀ! አልገባችም!» ብላ ጮኸች ሮና።

«ዝም በይ» አላት ሙርዶ። «ኤፊ ኳሷ አጠገብ ደርሳ አሥር እስክቆጥር ትጠብቃለች። እስከዚያ ከወደቀች ገባች።»

ኤፊ ፈጠን ብላ ደረሰች። ያየችው ግን ኳሷን ሳይሆን እህቷን ነው።

«አንድ» አለ ሙርዶ።

«እማዬ ስታጣጥር ማንን እንደጠራች ነግሬሽ አላውቅም፣ አይደል?»

«ሁለት። ሦስት።»

«አፍሽን ዝጊ፣ ኤፊ።»

«አንቺን! ‹ሮና መጣች?› ትለኛለች። ምን ልበላት? ልጅሽ መጠጥ ቤት የሰው መንጋጋ ሰብራ ፖሊስ ጣቢያ ተኝታለች ልበላት?»

«አራት። ኤፊ፣ ተይ።»

ሮና ዱላዋን አነሣች። የኤፊ ጆሮ ግንድ ፊት ለፊቷ ነበር፤ ስታሳርፍበት የሚወጣው ድምፅ ሁሉ ቀድሞ ተሰማት። ግን ለአባቷ ምላለት ነበር፤ ዛሬ በዱላ ሰው አትመታም። ጥርሷን ነክሳ ራሷን ገዛች። ንዴቱ ግን መውጫ ፈለገ፤ ዱላውን አዙራ ኳሷን ጠለዘቻት። ኳሷ ከዐለቱ ተላትማ ባሕር ገባች።

ሙርዶ መቁጠሩን አቆመ። «ገብታለች» አለ።

«ምን? ባሕር ውስጥ ናት እኮ!»

«ጊዜው ሳያልቅ ተጋጣሚዋ ሆን ብላ ከመታቻት፣ እንደ ገባች ትቆጠራለች። እኩል ናችሁ።» ራሱን ነቀነቀ። «ያንቺ ነገር! የእህትሽን አናት ብትፈነክቺው ኖሮ እኮ ኳሷ እዚያው ትቀመጥ ነበር።»

ኤፊ ሳቀች። ሕጉንም ታውቅ ነበር፣ እህቷንም።

ሮና ዱላውን ጣለች። መሐላው የዱላ ነው። በቡጢ አፏን አለቻት፤ ኤፊ በጀርባዋ ስትወድቅ ደረቷ ላይ ወጥታ ደገመቻት። ኤፊ የሮናን ጣት አፏ ውስጥ አግኝታ አጥንቱ እስኪንቋቋ ነከሰችው። ሙርዶ በክራንቹ የሮናን ጎድን እስኪወቅጥ ድረስ አልተላቀቁም። ሣሩ ቀልቷል። ኤፊ አንድ ጥርስ ተፋች።

ሮና ከጠዋት ጀምሮ እንደ ባለቤት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን የጀልባ ቁልፍ ክሩን በጥሳ ወረወረችላት።

«ነገ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ወደቡ ላይ እንዳትቀሪ» አለቻት ኤፊ፣ አፏን በመዳፏ ደግፋ። «ወጥመድ የሚጎትትልኝ ጉልበተኛ እፈልጋለሁ።»

ሮና የተዘነጠለ ጣቷን በሸሚዟ ጫፍ ጠቀለለች።

«እመጣለሁ» አለቻት። «አንቺ የመንሳፈፊያ ጃኬትሽን እንዳትረሺ።»