የሳሙናው ድስት

ወይዘሮ ተሻለች ከዴራ ባስመጡት ሞራ ሳሙና ሊሠሩ ተነሡና ተከራያቸውን ዮፍታሔን ጠሩት። «ልጄ፣ ይሄ የአሉሚኒየም ድስት ኮስቲክ ሶዳውን ይችለዋል?»

«ምን ይሆናል ብለው ነው» አለ፣ ከስልኩ ቀና ሳይል።

ሶዳው ውሃው ውስጥ እንደገባ ድስቱ ይንጫጫ ጀመር። አረፋው ጠቁሮ ገነፈለ፤ ትንፋሽ የሚያሳጥር እንፋሎት ተነሣ። እሳቸው ማማሰያ ይዘው ሲያጎነብሱ ዮፍታሔ ክው አለ። ዘሎ ክንዳቸውን ይዞ ጎተታቸው። ወዲያው የሳሳው የድስቱ ቂጥ ተበሳና ፈሳሹ ቆመውበት የነበረውን መሬት አጥለቀለቀው።

ዛሬ ጠዋት ዮፍታሔ ክፍል ውስጥ ሰሌዳው ላይ «አሉሚኒየምም ሃይድሮክሳይዱም በአሲድም በቤዝም ይሟሟሉ፤ ምሳሌ፦ ኮስቲክ ሶዳ» ብሎ ጽፎ ሁለቴ አስምሮበታል። ጠመኔው ገና ከጣቱ አልለቀቀም።

ወይዘሮ ተሻለች ድስቱን አዩ፤ እሱን አዩ።

«ለመሆኑ የምታስተምረው ምን ነበር ያልከኝ፣ ልጄ?»