ከቫኑ ኋላ የምትቆመው

አርጊሪስ መሰርሰሪያውን ከቫኑ የኋላ ፓራውልት ላይ አነሳና የነጩን ፕላስቲክ ፍቅፋቂ እፍ ብሎ አራገፈው። አራተኛውና የመጨረሻው ቀዳዳ ነበር።

"እንግዲህ ጋሼ ስቴርዮስ፣ ከዚህ በኋላ መመለስ የለም" አለ። "ሐሳብዎን ከቀየሩ የተበሳሳ ቫን ይዘው ነው የሚቀሩት።"

"ከእኔ በላይ አልተበሳሳም። ቀጥል" አለ ስቴርዮስ።

ስቴርዮስ ከጋራዡ በር አጠገብ የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጧል። ጥቁር ሸሚዙ በነሐሴ ሙቀት ጀርባው ላይ ተጣብቋል። የሚስቱ የአሲሚና አርባ እስኪወጣ ፂሙን አይላጭም፤ ያደገው ፂም ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆኖ ስለወጣ፣ ፖሊጊሮስ ከተማ ውስጥ የሚያውቁት ሰዎች እንኳ ሁለት ጊዜ አይተው ነው ሰላም የሚሉት። ሚስቱ ቲማቲም ስትልጥ ልቧ ቆመ። ሐኪሞቹም ከዚህ የተሻለ ነገር አልነገሩትም።

ንቦች ደግሞ ሐዘን አይጠብቁም። የባሕሩ ዳር አበባ ደርቋል፤ ቀፎዎቹ በዚህ ሳምንት ወደ ጥዱ ጫካ ካልወጡ ብርዱን በባዶ ሆዳቸው ይገቡታል። ቀፎ የሚወጣው በተጎታች ነው። ተጎታች ከቫን ጋር የሚያያዘው ደግሞ ሁለት ሰው ሲኖር ነው፤ አንዱ ይነዳል፣ አንዱ ከኋላ ቆሞ "ና፣ ና፣ በቃ" ይላል። ስቴርዮስ ሲነዳ ኖሯል፤ ስትቆም የኖረችው አሲሚና ናት። ልጁ ቫያ ከቴሳሎኒኪ በየማታው እየደወለች "አባዬ፣ ብቻህን ማያያዝ ካልቻልክ ሽጣቸውና እኔ ጋ ና" ትለዋለች። ጎረቤቱ ላምቢስ ሊገዛቸው ቋምጧል፤ እስከ ዛሬ ማታ ቁርጡን ንገረኝ ብሎታል። ንቦቹን ከሸጠ ግን ቫያ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሰው መኪና ሲያይ እንደሚሞት ስቴርዮስ ያውቀዋል። ለዚህ ነው ሴንሰርና ካሜራ የሚገጥመውን አርጊሪስን ፍለጋ የመጣው። ከኋላ የሚያይለት ዕቃ ካገኘ ቀፎዎቹ ይቀሩለታል።

ተጎታቹ ከጋራዡ ፊት ለፊት ያለው ጠጠር ላይ ቆሟል። ዛሬ ጠዋት ያያያዘለት ላምቢስ ነው። እውነቱን ለመናገር ላምቢስም አይደለም። ላምቢስ ሲጋራውን ለኮሰና "ክሪሳንቲ! ነይ እስቲ ያዥለት!" ብሎ ሚስቱን ጠራ፤ እሷም እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጥታ የተጎታቹን አፍ፣ ያን በቫኑ የመጎተቻ ኳስ ላይ የሚቀመጠውን ከባድ ብረት፣ አንስታ ያዘች። ላምቢስ ከሩቅ ሆኖ አዘዘ። ስቴርዮስ ነዳ።

አሁን የተጎታቹ አፍ በአንድ ባዶ ቀፎ ላይ ተደግፎ ተቀምጧል። አርጊሪስ ሴንሰሮቹን አንድ በአንድ እየሰካ ወደዚያ ዞር ብሎ አየ።

"ከፊት የምትደግፈው ትንሿ ጎማ የታለች?"

"ተሰበረች።"

"መቼ?"

"ቫያ ትምህርት ቤት እያለች።"

አርጊሪስ ሳቁ አመለጠው። ቫያ አሁን የሁለት ልጆች እናት ናት። "እስከዛሬ ሳያሠሯት?"

"አሲሚና ትይዘው ነበር" አለ ስቴርዮስ። "ምን ያደርግልኝ ነበር?"

አርጊሪስ ሽቦዎቹን በፓራውልቱ ውስጥ አሳልፎ የኋላውን በር ከፈተ። የቀኙ በር ላይ፣ ከመያዣው ዝቅ ብሎ፣ የእጅ መዳፍ የምታክል ቦታ ቀለሟ ተላልጦ ብረቱ ይታያል።

"ይቺንስ ምን ነካት? ቀለም አለኝ፣ በነካ እጄ ላዳርሳት። ለእሱ አላስከፍልዎትም።"

"ቀለበቷ ነው።"

"ምን?"

"አሲሚና ናታ! በሩን አንዴ ከመታች ና ነው፣ ሁለቴ ከመታች ቁም ነው። ሞተሩ እየጮኸ ቃል አይሰማም። ሁለቴውን ግን ሁልጊዜ አስቀድማ ነበር የምትመታው። 'አንቺ ሴትዮ፣ ገና አንድ ክንድ ይቀራል፣ ምን ያስቸኩልሻል!' እላታለሁ። 'ታዲያ ውረድና ራስህ እየው' ትለኛለች።"

"ይወርዱ ነበር?"

"ለምን እወርዳለሁ? እሷ እያለችልኝ።"

አርጊሪስ የቀለሙን ነገር ዳግመኛ አላነሳም። ካሜራውን ከበሮቹ በላይ፣ ቀጥታ ወደ መጎተቻው ኳስ ቁልቁል እንዲያይ አድርጎ አሰረው፤ ሽቦውን በጣሪያው ስር አሳልፎ ስክሪኑን ከመሪው አጠገብ ለጠፈ። ሥራውን የሚወድ ሰው ነው፤ በሚሠራበት ጊዜ ያፏጫል። ዛሬ ግን ማፏጨት ጀምሮ ተወው።

"ይግቡና ማርሹን ወደ ኋላ ያድርጉልኝ። እንዳይንቀሳቀሱ ታዲያ" አለ ሲጨርስ።

ስቴርዮስ ገብቶ ማርሹን አስገባ። ወዲያው ጩኸቱ መኪናውን ሞላው፤ የማያቋርጥ፣ ጥርስ የሚያፋጭ ጩኸት።

"ምን ሆነ? ከኋላ እኮ ማንም የለም!"

"የራስዎን መጎተቻ ነው የሚያየው" አለ አርጊሪስ በመስኮቱ ብቅ ብሎ። "ኳሷ ከፓራውልቱ ወጣ ብላ ስለተቀመጠች ግድግዳ መስላዋለች።"

"እና እንደ ሟች አማቴ ዕድሜ ልኩን ሊጮህብኝ ነው?"

"የለም፣ እናስተምረዋለን። ይቺን ቁልፍ ስጫናት ዙሪያውን አንዴ ያይና፣ 'ይሄማ የቤት ነው' ብሎ ይይዘዋል። ሁልጊዜ እዚያው ያለ ነገር ስለሆነ ከዚያ በኋላ አያየውም።"



"ይሄንንስ እኔም ያለ አስተማሪ ችዬዋለሁ" አለ ስቴርዮስ።

ምን ማለቱ እንደሆነ አርጊሪስ ገብቶታል። ጎንበስ ብሎ ቁልፉን ተጫነ። ጩኸቱ ጸጥ አለ። ኳሷ አሁንም እዚያው ናት፤ ለመኪናው ግን የለችም።

ቀጥሎ የሚቀረው እውነተኛው ፈተና ነበር። ስቴርዮስ ቫኑን ጠጠሩ ላይ አዙሮ ጀርባውን ለተጎታቹ ሰጠ። አርጊሪስ ራቅ ብሎ ከግድግዳው ጋር ቆመ።

"እኔ ምንም አልልም" ብሎ ጮኸ። "ስፖኪዮውን ይርሱት። ስክሪኑን ብቻ ይዩ!"

ስቴርዮስ ፍሪሲዮኑን በቀስታ ለቀቀ። በስክሪኑ ላይ ኳሷ ከታች ትታያለች፤ ከላይ ባዶው ቀፎና በላዩ ያረፈው የተጎታቹ አፍ ይቀርባሉ። ድምፁ ቲክ፣ ቲክ ማለት ጀመረ፤ ከዚያ ፈጠነ። በልቡ ትንሽ ደስታ ተሰማው፣ ወዲያውም አፈረበት። ድምፁ አንድ ላይ ሊገጥም ሲል እግሩ ሳይታዘዝ ፍሬን ያዘ። አሲሚና ሁለቴ የምትመታው ልክ እዚህ ላይ ነበር። ይሄን ጆሮው ሳይሆን እግሩ ያውቀዋል።

ስክሪኑን አየ። ከኳሷ እስከ ተጎታቹ አፍ ድረስ ያለችውን ጠጠር አየ። ያቺን ቦታ በዕድሜው አይቷት አያውቅም። በስፖኪዮ አትታይም፤ በመስኮትም አትታይም፤ ለማየት መውረድ ያስፈልግ ነበር።

"ምን ሆኑ? ትንሽ ነው የቀረዎት! ይምጡ!" አለ አርጊሪስ።

ስቴርዮስ ሞተሩን ሳያጠፋ የእጅ ፍሬኑን ስቦ ወረደ። ዞሮ መጥቶ ክፍተቷን በዓይኑ ለካት።

"እዚህ ውስጥ ነበር የምትቆመው" አለ።

"ማን? ሰው እኮ የሚቆመው ከጎን ነው።"

"ከጎን ሆነህ ይሄን ብረት ማንሳት አትችልም፤ ይከብዳል። እዚህ ገብታ፣ ጉልበቷ ላይ አስደግፋ፣ በአንድ እጇ ይዛው፣ በሌላው እጇ..." እጁን ወደ ተላለጠው ቀለም ዘረጋና ሳይነካው መለሰው። "ግባና ንዳልኝ።"

"የት?"

"ትንሽ ወደፊት ሂድና ወደ ኋላ ና። እኔ እቆማለሁ።"

"ጋሼ ስቴርዮስ፣ ይሄንንስ ይተዉኝ። እኔ ከኋላዬ ሰው አቁሜ ወደ ኋላ አልነዳም።"

"እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ነድቻለሁ" አለ ስቴርዮስ። "ግባ አልኩህ ልጄ።"

በድምፁ ውስጥ ያለው ነገር አርጊሪስን አስገባው። ቫኑን ጥቂት ወደፊት ወሰደ። ስቴርዮስ ባዶውን ቀፎ በእግሩ ገፍቶ ብረቱን አነሳ። ወገቡን ቆረጠመው። ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ጎንበስ ሲል ከፊቱ ነጩ በር ብቻ ቀረ፤ ሰማይም ሰውም አይታይም። ከዚያ በሩ መምጣት ጀመረ።

አርጊሪስ በጣም በዝግታ ነበር የሚነዳው። ስክሪኑንም ሴንሰሩንም ይዟል፤ እንደዚያ ተጠንቅቆ ነድቶ አያውቅም። ቢሆንም ኳሷ በስቴርዮስ ጉልበት ትክክል እየመጣች ነው፤ የጭስ ማውጫው እግሩን ያግለዋል፣ ጠጠሩ ይንኮሻኮሻል። ልሸሽ ቢል በየት በኩል እንደሚወጣ አላወቀም። ብረቱን ቢለቀው እግሩ ላይ ይወድቃል። መዳፉን አንስቶ በሩን ሁለቴ፣ እንደገና ሁለቴ፣ እንደገና ሁለቴ መታው።

ቫኑ ቆመ። ስቴርዮስ ቀፎውን በእግሩ ስቦ ብረቱን ላዩ ላይ መለሰና ወደ ታች አየ። ከኳሷ እስከ ጉልበቱ ገና አንድ ክንድ ይቀራል። ከአንድ ክንድም በላይ ይቀራል።

አሲሚና ከዚህ አብልጣ ታስጠጋው ነበር። ሁልጊዜ። ቸኮልሽ ብሎ የሚቆጣት ሴት፣ እሱ ዛሬ ሊቆም ካልቻለበት ቦታ አልፋ፣ እሱ ደግሞ በስፖኪዮ ሰማይ እያየ፣ አንዳንዴም ራዲዮ እየሰማ ሲመጣባት ቆማ ጠብቃዋለች። አንድም ቀን ፈራሁ አላለችም። ወይም ብላ ይሆናል፤ ውረድና እየው ማለቷ ምን ነበር?

እዚያው ክፍተቷ ውስጥ ቆሞ አለቀሰ። በቀብሯ ቀን እንኳ እንዲህ አላለቀሰም። አርጊሪስ ውኃ ይዞለት መጣ። ዛሬ ጠዋት ይቺው ቦታ ላይ ክሪሳንቲ ከነሽርጧ ቆማ እንደነበር ስቴርዮስ ትዝ ያለው ውኃውን ሲጠጣ ነው። የነዳባት እሱ ራሱ ነበር። አመሰግናለሁ እንኳ ያለው ለላምቢስ ነው።

ስልኩን አወጣ።

"እህ፣ ቆረጥክ?" አለ ላምቢስ ከወዲያ።

"ጠዋት ክሪሳንቲ የት ነበር የቆመችው?"

"የት ትቆማለች? ከኋላ ነዋ።"

"ከኋላ የት?"

"አንተ ሰውዬ፣ ፀሐይ መታህ እንዴ?"

"ቫንህን ነገ አርጊሪስ ጋ አምጣውና ካሜራ ይግጠምልህ።"

ላምቢስ ሳቀ። "ካሜራማ ቤቴ አለችኝ። ስትጮህም ከዚህኛው ትበልጣለች፣ ምሳም ትሠራለች።"

ባለፈው ወር ቢሆን ስቴርዮስ ራሱ በዚህ ቀልድ ይስቅ ነበር። ከዚያም አልፎ የባሰ ይጨምርበት ነበር። በልመና እንደማይሆንለት ገባው፤ ላምቢስን ያውቀዋል፣ ራሱን እንደሚያውቀው። ላምቢስ ከእሱ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ከቀፎዎቹ ግማሹን ትወስዳለህ" አለ። "አንተ ባልከው ዋጋ። ግን መጀመሪያ ነገ ትመጣለህ። ክሪሳንቲንም ይዘሃት ትመጣለህ። እሷ ጥላ ላይ ትቀመጣለች፣ አርጊሪስ ይነዳል፣ አንተ ከኋላ ትቆማለህ። ጎንበስ ብለህ፣ ብረቱን ይዘህ።"

"እኔ? ምን በወጣኝ?"

"ካልቆምክ አንዲት ንብ አታገኝም።"

ላምቢስ የቀፎዎቹን ብዛት እያሰበ እንደሆነ ስቴርዮስ ያውቃል። "እሺ፣ ሐዘንተኛ ስለሆንክ ይሁንልህ" አለ በመጨረሻ፣ እያጉረመረመ።

ስቴርዮስ ስልኩን ኪሱ ከተተ። አርጊሪስ መሣሪያዎቹን መሰብሰብ ጀምሮ ነበር።

"ገና አልጨረስክም" አለው። "ያቺን ትንሽ ጎማ ፈልገህ ግጠምልኝ።"

"አሁን ምን ያደርግልዎታል? ካሜራው አለ፣ ባዶው ቀፎ ደግሞ ደህና አድርጎ ይደግፈዋል። ማንም ሊይዘው አይደል።"

"አውቃለሁ" አለ ስቴርዮስ፣ ሣጥኑ ላይ ተመልሶ እየተቀመጠ። "ግጠምልኝ። እጠብቃለሁ።"