የራስ ቅቤ

ለሞተ ሰው «ነፍስ ይማር» ይባላል። ለተመለሰ ሰው ሚስት «እንኳን ደስ ያለሽ» ይባላል። ድንች ጭኖ ወጥቶ፣ መንገዱ ተዘግቶ፣ ኔትወርክ ጠፍቶ ወሬው ላልተሰማ የአይሱዙ ሹፌር ግን ለሚስቱ ምን እንደሚባል እንጅባራ ውስጥ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ጎረቤቶቼ ሲያገኙኝ ስለ ዝናቡ ያወራሉ። ዝናብ እዚህ አገር መቼም አይታጣምና ወሬው አያልቅባቸውም።

ባሌ ይኸነው ከወጣ አንዱ ክረምት አልፎ ሌላው መጥቷል። እኔ እንቁ እባላለሁ፤ ከዩኒቨርሲቲው በር ወረድ ብሎ ባለች ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። ወረቀት አስገባለሁ፣ ወረቀት ይወጣል። መጀመሪያ አካባቢ አለቅስ ነበር፤ በኋላ እንባውም ተወኝ። ምግብ ሲቀርብልኝ እበላለሁ፣ ሲስቁ እስቃለሁ፣ ሲጠሩኝ አቤት እላለሁ። ውስጤ ግን ብዙ እንደተቀመጡበት እግር ደንዝዟል። ቢቆነጥጡኝም የማውቅ አይመስለኝም ነበር።

ራሴን ያመኝ የጀመረውም ያኔ ነው። ከአናቴ እስከ ማጅራቴ ይወቅረኛል። ጸጉሬ ደርቆ ማበጠሪያ ይሰብራል። ይኸነው ከወጣ ጀምሮ ቅቤ ነክቶት አያውቅም። እኛ ዘንድ ሐዘንተኛ ሴት ቅቤ አትቀባም፤ ሐዘኗ የሚወጣላትም ዘመድ መጥቶ ራሷን ሲቀባት ነው። እኔ ሐዘንተኛ አይደለሁም፤ ማን ሞተና? ደስተኛም አይደለሁም። እንዲያው መሐል ላይ ቆሜ ደረቅሁ። ተቀቢ ያለኝ የለም፣ አትቀቢ ያለኝም የለም።

አንድ ግቢ የምንኖር ትሕትና የምትባል ነርስ አለች። ሰሞኑን «በጭንቅ ጊዜ ራስን መንከባከብ» የሚል ሥልጠና ወስዳ መጣችና እኔን መለማመጃ አደረገችኝ።

«በአፍንጫሽ አየር ሳቢ። ያዢው። አሁን ቀስ ብለሽ በአፍሽ አውጪ።»

ሳብሁ፣ ያዝሁ፣ አወጣሁ።

«ምን ተሰማሽ?»

«የማን ቤት እንደሆነ እንጃ እንጂ ሽንኩርት እያረረ ነው።»

ሳቀች። ከዚያ ተናደደች። «ኧረ እንቁ፣ በቁምሽ አትሙቺብኝ! ድሮ ራስሽን ሲያምሽ ምን ታደርጊ ነበር?»

«ቅቤ እቀባ ነበር።»

«ታዲያ ተቀቢያ!»

«ሰው ምን ይላል?»

«እሱን ስታስቢ ነው ራስሽ የሚፈነዳው» አለችኝና ልብሷን ልታሰጣ ሄደች።

ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። ቅቤ ሻጮቹ በቅጠል የጠቀለሉትን ፊታቸው ዘርግተው በተርታ ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው ማስተዋልን አውቃታለሁ፤ በጥሊሊ በኩል የአማቴ የእማማ ውዴ አገር ሰው ናት። ቅቤ ሻጭ ሁሉ እንደሚጠይቀው ጠየቀችኝ።

«ለወጥ ነው ለራስ?»

የቆየው ለወጥ ነው፣ ለጋው ለራስ። የንግድ ጥያቄ ነው፤ እኔም እንደ ንግድ መለስሁ።

«ለራስ።»

እጇ ቅጠሉ ላይ ቆመ። ቀና ብላ ፊቴን አየች። ከዚያ ከለጋው አንድ ትልቅ ድብልብል ጨመረችልኝና «ተመስገን! እሰይ፣ እሰይ ልጀ!» እያለች እጄን ሳመችው። ደንበኛ ለመያዝ የምታደርገው መሰለኝ። ደንዝዣለሁ ብያችሁ የለ? ሌላ ሴት ብትሆን እዚያው ይገባት ነበር። እኔ ቅቤዬን በፌስታል አንጠልጥዬ፣ ባጃጅ ተሳፍሬ ቤቴ ገባሁ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጸጉሬን በሙቅ ውኃ ታጠብሁና ተቀባሁት። ሻሽ አስሬ ደጃፌ ላይ ተቀመጥሁ። ፀሐይ ወጣ ብላ ነበር። ቅቤው ቀለጠና በግንባሬ፣ በጆሮዬ ሥር፣ በማጅራቴ ወረደ። ሞቀኝ። አንድ ነገር ከተሰማኝ ስንት ጊዜዬ ነው! ሲወቅረኝ የከረመው ነገር ቀስ እያለ ለቀቀኝ። ከዚያ ራበኝ፣ የእውነት ራበኝ፤ ድንች ቀቅዬ በሚጥሚጣ በላሁ። ደስ አለኝ። ወዲያው አፈርሁ። እያፈርሁም ግን ደስ ይለኝ ነበር። ያን ዕለት ተኛሁ፤ ሳልባንን ነጋ።

ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ልወጣ ስል የፈረስ ኮቴ ሰማሁ። የይኸነው ዳማ ነው። በጥር፣ በፈረሰኞች በዓል፣ የሚጋልብበት ፈረሱ፤ እናቱ ዘንድ የሚቀመጥ። ጌታው ከጠፋ ወዲህ ኮርቻ ተጭኖበት አያውቅም። አሁን ኮርቻ ተጭኗል፤ ቀዩን ግላስ ለብሷል፤ ልጓሙ ተወልውሎ ያበራል። እማማ ውዴ ነጭ ለብሰው፣ በእግራቸው ጭቃውን እየረገጡ ይስቡታል። አልተቀመጡበትም። ፈረሱን ያስጌጡት ጌታውን እንዲቀበል ነው።

የግቢው በር ላይ ቆሙና ሽታውን ሳቡት። ለጋ ቅቤ አይደበቅም። ፊታቸው በራ።

«የታለ?» አሉ። «ተኝቶ ነው? አትቀስቅሽው፣ ይተኛ፣ ደክሞት ይሆናል። ማስተዋል ‹እንቁ የራስ ቅቤ ገዛች› ብላ ነገረችኝ። አገሩ ሁሉ እልል ሲል ነው ያደረ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ቅቤ መግዛቴን የባሌ መመለሻ አድርገው ቆጥረውታል። እኒህን ሴትዮ በአንድ ቃል ልገድላቸው ነው አልሁ። ልዋሽ ፈለግሁ። «ደወለ፣ ደኅና ነኝ አለ» ብል እሳቸው እየዘፈኑ ይመለሱ ነበር፤ ቃሉ አፌ ድረስ መጣ። ፈረሱ ግን ጆሮውን ቀስሮ ወደ ቤቴ ውስጥ ያያል። በእሱ ፊት መዋሸት አቃተኝ።

«እማማ፣ አልመጣም» አልሁ።

«ደወለ?»

«አልደወለም።»

«ወሬ ያመጣ ሰው አለ?»

«የለም፣ እማማ።»

የልጓሙን ማሰሪያ እጃቸው ላይ ጠቀለሉት፣ ፈቱት፣ መልሰው ጠቀለሉት። በአዊኛ አንድ ነገር አጉረመረሙ፤ ለእኔ አልነበረም። ከዚያ በአማርኛ፣

«ታዲያ ምን ሁነሽ ተቀባሽ?» አሉኝ።

ትሕትናን መክሰስ እችል ነበር፤ ሥልጠናውንም።

«ራሴን አሞኝ፣ እማማ።»

ይረግሙኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ሲረግሙኝ እንኳ ቢሰማኝ ብዬ ተመኘሁ። እሳቸው ፈረሱን የበሩ ቋሚ ላይ አሰሩት። መጥተው ደጃፌ ላይ ያለችው በርጩማ ላይ ቁጭ አሉና ሻሻቸውን ፈቱ። ጸጉራቸው ሽበት ብቻ ሆኖ፣ ደርቆ ተጣብቋል። ለካ እሳቸውም እንደ እኔው መሐል ላይ ቆመው ነው የከረሙት።

«የተረፈ አለ?» አሉ።

«አለ።»

«እኔንም ያመኛል» አሉ። «ያመኛል እኮ፣ ልጀ።»

ሥራዬን ተውሁት። ቅቤውን አምጥቼ ከኋላቸው ተንበረከክሁ።

«የፈረሱን ግላስ ላውልቅለት?» አልኋቸው።

«ተይው፣ ለብሶ ይዋል። ምን አጠፋ እሱ?»

ቅቤውን በመዳፌ እያሟሟሁ አናታቸው ላይ አደረግሁ። ጭንቅላታቸው እንዴት ትንሽ ነው! እያሸሁ ሳለ አንድ ነገር እጄ ላይ ጠብ አለ። እያለቀስሁ ነበር። ስንት ጊዜ ጠፍቶ የቆየው እንባ ቅቤው ላይ ይንጠባጠባል፤ እኔም አብሬ አሸዋለሁ።

የአጥር ጎረቤቴ ምህረቴ ያጌጠውን ፈረስ አይታ ኖሮ እልልታዋን ለቀቀችው። በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «እንኳን ደስ አላችሁ! መጣ አይደል?» አለች።

እማማ ውዴ ቀደሙኝ። ቅቤው በግንባራቸው እየወረደ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣

«አልመጣም፣ ልጀ» አሉ። «ራሳችንን አሞን ነው።»

ምህረቴ አጥሩን ይዛ ቆመች። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ስለ ዝናቡ ግን አላወራችም። ዞራ በበሩ ገባችና ለእጃችን መታጠቢያ ውኃ ጣደችልን።