ከሽፋኑ ሥር ያለው ጌጥ

በያጁ መብረቁ፣ ከእሱ በፊት ብረት ከብረት ጋር ተጣብቆ የሚያውቅ አይመስለውም። ስሙንም ያወጣው ራሱ ነው፤ ሰው ሲረሳበት ያስታውሳል። «እኔ የበየድኩትን ዝሆን ቢረግጠው፣ የሚያነክሰው ዝሆኑ ነው» ይላል። እስካሁን የሞከረ ዝሆን ስላልተገኘ ውሸት ነው ብሎ የሚሟገተው የለም።

ታላቅ እህቱን ሰፈርተኛው ሁሉ «እትዬ» ይላታል። ቤቷን ያቆመችው ሣር በማጨድ ነው። በአሮጌው የሣር ማጨጃ ማሽኗ ላይ ምላጩን እንደ ድስት ክዳን የከደነው ሽፋን በፋብሪካ መጭመቂያ ከአንድ ላሜራ ተረግጦ የወጣ ነበር፤ ቀላል፣ መገጣጠሚያ የሚባል ነገር የሌለው። ክፋቱ፣ ድንጋይ በነካ ቁጥር ይጨረመታል። መብረቁ በመዶሻ ሲያቃናው፣ ሲያቃናው፣ ሳስቶ ሳስቶ ምላጩ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ተቀደደ።

መብረቁ ደረቱን የነፋው ያን ጊዜ ነው።

«እሱ እኮ ቆርቆሮ ነው፣ እትዬ! እኔ ከወፍራም ላሜራ ቆርጬ፣ በይጄ፣ ታንክ አደርግልሻለሁ። ድንጋዩ ራሱ ይቅርታ ይጠይቅሻል።»

አደረገውም። የሽፋኑን ጎን ከጣራው ጋር ከውጭም ከውስጥም በየደው። ማሽኑ ላይ ከመግጠሙ በፊት ጎረቤቱን ልብስ ሰፊና የማዶውን ፀጉር አስተካካይ ጠርቶ፣ ባትሪ አብርቶ፣ በጉልበታቸው አንበርክኮ የውስጡን ብየዳ አሳያቸው። ሰልፍ የያዘ ጉንዳን እንኳ እንደዚያ አይቀናም።

እንግዲህ የኳስ ሜዳው ኃላፊ ዓመቱን ሙሉ ሣሩን የሚያጭድለት ሰው ይፈልግ ነበር። «አንድ ጠዋት አጭደው ያሳዩኝ፤ ካማረኝ ሥራው የእርስዎ ነው» አላት። ለእትዬ ይህ ማለት፣ የሰው አጥር እያንኳኳች «ሣራችሁ አልረዘመም?» ከማለት መገላገል ነው። ጉልበቷ ደግሞ ከአጥር አጥር መዞሩን እየጠላው መጥቷል።

በቀጠሮው ቀን ማለዳ ዝናብ ጣለ። እትዬ ከግቡ ጀርባ፣ ከድንጋያማው ጥግ ጀመረች። ማሽኑ የራስ ቅል የሚያህል ድንጋይ ላይ ወጣና ጓ! አለ። የተፈነከተው ድንጋዩ ነው። ሽፋኑ ጭረት እንኳ አላወጣም።

«አያችሁ!» ብሎ ጮኸ መብረቁ፤ ሜዳው ላይ ያለው ኃላፊው ብቻ ቢሆንም፣ ጩኸቱ ለሙሉ ስታዲየም ይበቃ ነበር።

ከዚያ እትዬ እርጥቡ ሣር ውስጥ ገባች። ማሽኑ አጉረመረመ፣ አሳለው፣ ከኋላው ትራስ ትራስ የሚያህል የሣር ጉብታ እየጣለ ሄደ። ኃላፊው ጃንጥላውን አጥፎ መጣ።

«እትዬ፣ ይሄ ሜዳ ነው ወይስ የድርቆሽ ክምር? ልጆቹ ከምሳ በኋላ ይገባሉ። እስከዚያ ካልተስተካከለ ሌላ ሰው መጥራቴ ነው፤ እንዳይቀየሙኝ።»

ሞተሩን አጥፍተው ማሽኑን በጎኑ አቆሙት። እትዬ የታጨቀውን ሣር በእጇ ዝቃ አወጣችና ጣቷን ብየዳው ላይ ሰደደች።

«ይሄ ጎርባጣ ምንድን ነው?»

«እሱማ ጌጡ ነው።»

«ለማን? ለሣሩ?»

«ሥራዬ ነዋ፣ እትዬ!»

«ሣሩ ሥራህን ወዶት ተጣብቆ ቀረልህ። ና እስቲ ወዲህ፣ የእናቴ ልጅ።» እጁን ይዛ ማሽኑን ወዳመጡበት ጋሪ ወሰደችውና እዚያ የተጣለውን የአሮጌውን ሽፋን ውስጥ አስዳሰሰችው። ዝገቱ እንዳለ ሆኖ፣ ጎኑ ወደ ጣራው የሚታጠፈው እንደ እንቁላል ቅርፊት ውስጥ ልሙጥ ነው፤ ሣር ልያዘው ቢል መያዣ የለውም።

«ከሞረድኩት ጥንካሬው ይቀንሳል» አለ መብረቁ።

«ከውጭ አልበየድከውም?»

«በይጄዋለሁ፤ መድፍ አይበግረውም!»

«እንግዲያው የውጩ ይያዘው።»

«ዘይት ብንቀባውስ?»

እትዬ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ጉብታ ጉብታ የሆነውን ሜዳ ታይ ጀመር። ሲሰድቡት ሰባት እጥፍ አድርጎ የሚመልሰው መብረቁ አብሯት ሜዳውን አየ። ከልብስ መቀየሪያው ክፍል የኤሌክትሪክ ገመድ ስቦ መሞረጃውን ግራይንደር ሰካ።

የመጀመሪያውን ፍንጣሪ ሲያይ ልቡ ስንጥቅ አለ። በሕይወቱ እንደዚያ ያለ የብየዳ መስመር ጥሎ አያውቅም፤ ማንም ጥሎ አያውቅም፣ ቢጠየቅ። ሞረደ፤ በመዳፉ ዳሰሰ፤ ወደ ጋሪው ሄዶ አሮጌውን ዳሰሰ፤ ተመልሶ ሞረደ። መነጽሩን ሲያወልቅ ላቡ አገጩ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

«ለካ ያ ቆርቆሮ አንድ ነገር ያውቅ ኖሯል» አለ።

«ማን አለ?» አለች እትዬ፣ ጆሮዋን አቅንታ።

«ማንም። ነፋሱ ነው።»

ሞተሩ ተነሣ። አሁን ሣሩ ከጎን እንደ ማራገቢያ ተበትኖ ወጣ። አልፎ አልፎ አንድ ሁለት ጉብታ ቢወድቅም መብረቁ የቀድሞውንም አዲሱንም በመቧጠጫ እየሮጠ በተነው። ኃላፊው ልጆቹ ከመምጣታቸው በፊት ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሄደበት፤ በጫማው ጫፍ ቆስቆስ አደረገው፤ ጎንበስ ብሎ አየ።

«ሰኞ ይጀምሩ» አለ። «እዚያ ድንጋያማ ጥግ ማሽን የሚያስገባልኝ ጠፍቶ ነበር። ለመሆኑ ማን ነው የሠራልዎት?»

መብረቁ አፉን ከፈተ፤ እትዬ ግን ቀደመችው።

«ወንድሜ ነው! እንደሱ ያለ በያጅ ከዚህ እስከ ባሕሩ ማዶ ቢፈለግ አይገኝም። የሱን ብየዳ የሚያላቅቀው የምጽአት ቀን ብቻ ነው።»

ይህን ያህል ዘመን ከአፏ «ጎበዝ» እንኳ ሰምቶ አያውቅም። ጆሮው ፍም መሰለ፤ መሬት መሬት አየ።

«ኧረ ታጋንናለች፣ ጌታዬ» አለ። እንደገና አሰበበት። «ትንሽ።»