ስልክ ውስጥ የከረመው በሬ

«አይወጣም» አለ በስልክ የተላከ ብር የሚያወጣው ባለሱቅ ቢሆነኝ፣ ስልኳን በሱቁ መስኮት እየመለሰላት። «ሃምሳ ሺህ የለሽም፣ መምህርት።»

ማስተዋል ኔትወርኩ የከዳት መሰላት። «እስቲ ድገመው በሞቴ። አባቴ ከብት ተራ ቆመው ይጠብቁኛል። በሬ መርጠው ዋጋ ቆርጠዋል፤ ሻጩ ደግሞ የብር ወረቀት በእጄ ካልያዝኩ ገመዱን አልለቅም ብሏል።»

«ሁለት ጊዜ ሞከርኩት። ያለሽ ሠላሳ አንድ ሺህ ሁለት መቶ አርባ ብር ነው።»

ወረፋ የያዙት ሴቶች ዞር ብለው አዩዋት።

«ተሰርቄያለሁ!» አለች። «የሚስጥር ቁጥሬን ያየብኝ ሰው አለ።»

ቢሆነኝ አልተቆጣም። ገበያ በዋለ ቁጥር እንዲህ የሚል ሰው አያጣም። «ግቢ» አለና የሱቁን የጎን በር ከፈተላት። «አንድ በአንድ እንየው። ያንቺ ያልሆነ ከተገኘ ሱቄን ዘግቼ እኔው ፖሊስ ጣቢያ አደርስሻለሁ።»

የስኳር ጆንያ ላይ ተቀመጠች። እሱ የስልኩን ገጽ በጣቱ እየሳበ ያነብላት ጀመር። ለባጃጅ አርባ። ለባጃጅ ስልሳ። የኢንተርኔት ጥቅል መቶ። ለባልደረባዋ ሰርግ መዋጮ ሁለት ሺህ። ጫማ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ። እንደገና ጥቅል። እንደገና ባጃጅ፣ ያውም ከትምህርት ቤቱ እስከ ቤቷ፣ በእግር ሩብ ሰዓት ለማይሞላ መንገድ። ፎቶውን አይታ ያዘዘችው፣ ከወልድያ በአውቶቡስ የመጣ፣ ጠቧት ለእህቷ ልጅ የሰጠችው ቀሚስ።

«ይኼ ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ይኼስ?»

«እሱም።»

ሃያኛው ላይ ሲደርስ እሱ መጠየቁን ተወ፣ እሷም መመለሷን። ሌባ አልነበረም።

ብሩ የበሬ ዋጋ ነበር። በጥር፣ ወላጆቿ በሚኖሩበት በደሃና ሣሩ ሲመናመን፣ አባቷ አቶ ደጅይጥኑ ከሁለቱ በሬዎቻቸው አንዱን ሸጡ። ከስቶ ከሚሞትብኝ ሥጋው ሳይረግፍ ልሽጠውና ክረምት ሲገባ ሌላ እገዛለሁ ብለው ነው። ሃምሳ ሺህ ብር ቤት ማስቀመጡን ግን ፈሩ፤ ገዢው በቀጥታ ወደ ልጃቸው ስልክ አስተላለፈላቸው። ከዚያ ወዲህ በደወሉ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቁት «በሬዬ ደህና አደረ?» ብለው ነበር። እሷም እየሳቀች፣ «ደህና ነው አባ፤ እያመነዠከ ነው» ትላቸዋለች።

ደሞዟም የሚገባው እዚያው ስልክ ላይ ነው። የእሷና የእሳቸው ብር ተቀላቅሎ አንድ ቁጥር ሆነ። ድሮ ደሞዟን በእጇ ስትቀበል የቤት ኪራዩን ለብቻ፣ የእህሉን ለብቻ በወረቀት ትጠቀልል ነበር፤ የመጨረሻዋን ድፍን መቶ ብር ለመዘርዘር ሁለት ቀን ታስባለች። አሁን እጇ የሚሳሳለት ነገር የለም። ወሩ ሲያልቅም «ጨረስኩ» የምትልበት ቀን አይመጣም። ቁጥሩ ሁልጊዜ ትልቅ ነው፤ ትልቅ ስለነበረም ማነሱን ልብ አላለችም።

«አይዞሽ» አለ ቢሆነኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ብድር አለ እኮ። ደሞዝሽ በዚሁ ስለሚገባ አይከለክልሽም። እዚህ ጋ ነካ፣ እዚህ ጋ ነካ፣ በቃ። አባትሽም አያውቁም።»

ገጹን ከፍቶ አሳያት። ጣቷን አስጠጋች። እውነትም ቀላል ነበር፤ ጫማውን ከከፈለችበት አይለይም። ያስደነገጣትም ይኸው ነው። ወደ አሥራ ዘጠኝ ሺህ የሚጠጋ ብር ልትበደር ስትል ልቧ እንኳ አልመታም። ጣቷን መለሰች።

«ያለውን አውጣልኝ» አለች። «ሁሉንም። ወረቀቱን ስጠኝ።»

ከብት ተራ ስትደርስ አቶ ደጅይጥኑ ከሻጩ ከወርቅአገኘሁ ጋር በኽምጣኛ እየተቀላለዱ ነበር። እጃቸውን በቀዩ በሬ ጫንቃ ላይ ጭነዋል፤ የገዛ በሬያቸው አድርገውታል።

«አባ፣ እስቲ ወደዚህ ይምጡልኝ።»

ፊቷን አይተው ቀልዱን ተዉት። «ምን ሆንሽ? አመመሽ?»

«ብሩ ጎድሏል። አሥራ ስምንት ሺህ ሰባት መቶ ስልሳ ብር።»

«ማን ወሰደብሽ?»

«ማንም። የበላሁት እኔ ነኝ።»

አቶ ደጅይጥኑ ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ምን ገዛሽበት?»

ማስተዋል አፏን ከፈተች። ቤቷን በሐሳቧ ዞረችው። አልጋው ያው ነው፣ ወንበሩም ያው የተሰበረው ነው። «እንጃ አባ» አለች። «የሚታይ ነገር የለም።»

«የታመመ አሳከምሽበት?»

«አይደለም።»

«ነብር እንኳ ሲበላ አጥንት ይተዋል።» አልጮኹም፤ ቢጮኹባት በወደደች። «ጎረቤታችን ደሴ በሬህን ከበሬዬ አቀናጅተን በየተራ እንረስ ሲለኝ፣ የኔ ሁለተኛ በሬ ሰቆጣ ልጄ ዘንድ አለ ብዬ መለስኩት። እሱም ሌላ ሰው ያዘ።»

«አላየሁትም ነበር አባ።»

«ሳታዪ ነው ደህና ነው ያልሽኝ?»



ወርቅአገኘሁ ከወዲያ ተጣራ፤ ሌላ ገዢ ቀዩን በሬ ጥርሱን እያየው ነው። አቶ ደጅይጥኑ ተመልሰው ሄዱና «ብሩ አልሞላልኝም፣ ለእሱ ስጠው» አሉት። ለምን እንዳልሞላ አልነገሩትም። በሰው ፊት ሳያዋርዷት መቅረታቸው ከሁሉ ይልቅ አንገቷን ሰበረው።

«እንግዲያ ይኼን ውሰድ» አለ ወርቅአገኘሁ፣ ከበሬው ኋላ የታሰረ ጥቁር ወይፈን እያሳየ። «ሠላሳ ሺህ። ጉልበተኛ ነው። ቀንበር ግን አይቶ አያውቅም።»

አቶ ደጅይጥኑ ወይፈኑን ዞሩት፤ ሽንጡን ዳበሱ፣ ሰኮናውን አዩ። «በስልሳ ስድስት ዓመቴ ወይፈን ልገራ?» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። «እኔ እርፉን ስይዝ ፊት ፊቱ ገመድ ይዞ የሚመራው ሰው ይፈልጋል። እናትሽ ጉልበቷን ታማለች። ማን አለኝ?»

ማስተዋል ከቦርሳዋ ብሩን አወጣች። ጣቷን በምራቋ እያራሰች ሠላሳውን ሺህ በወርቅአገኘሁ መዳፍ ላይ ቆጠረች። እያንዳንዱ ወረቀት ከእጇ ሲለቅ ተሰማት። ሁለት ጊዜ ተሳስታ እንደገና ጀመረች፤ ማንም አላጣደፋትም።

«ትምህርት ቤት ዓርብ ይዘጋል» አለች ስትጨርስ፣ ወደ አባቷ ዞራ። «ቅዳሜ እመጣለሁ። የምመራው እኔ ነኝ።»

«አንቺ? መምህርት ሆነሽ፣ አገር ሲያይሽ?»

«ይየኝ።»

ወርቅአገኘሁ ገመዱን ወደ አቶ ደጅይጥኑ ሲዘረጋ እጃቸውን አላነሡም፤ ማስተዋል ተቀበለችው። ወይፈኑ ባዕድ እጅ መሆኑን አውቆ አንገቱን ወረወረና ሦስት አራት እርምጃ አንደረደራት። ገመዱ መዳፏን ላጠው። ተረከዟን አፈር ውስጥ ተክላ ቆመች።

«አጠር አድርገሽ ያዢው» አሉ አባቷ ከኋላዋ።

አጠር አድርጋ ያዘችው።