ኦቭኑ ራሱን እስኪያጸዳ

ጥድፌ እስከ ትከሻዋ ኦቭኑ ውስጥ ገብታ የተቃጠለ ስኳር ትፍቃለች። ስኳሩ ድንጋይ ሆኗል። የእንጨት ማንኪያው ቀጭ ብሎ ተሰበረና ስባሪው ጉንጯን ጫረው።

«አሁንስ አንገሸገሸኝ!» ብላ ጮኸች። ድምጿ ኦቭኑ ውስጥ ዞሮ መልሶ ራሷ ላይ ጮኸባት።

«ተነሺ፣ እኔ ልሞክረው» አለች እናቷ ከበስተኋላዋ።

«ሁለት ቀን ሞከርሽው እኮ፣ እማዬ። ደረትሽ ምን እንደሆነ አይተሻል።»

«ደረቱ የኔ ነው።»

«ሳሉ ግን የጋራ ነው። ግድግዳ አያግደውም።»

እናቷ ሳቋን ልትደብቅ ስትል ሳለች።

«ጥድፌ» የመታወቂያ ስሟ አይደለም። በሰባት ወሯ ስለተወለደች እናቷ ያወጣችላት ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አንዳች ነገር ሰዓቱ እስኪደርስ ጠብቃ አታውቅም። የመጽሐፍ መጨረሻ ቀድማ ታነባለች። የሊፍት መጥሪያ ደጋግማ ትጫናለች፣ የሚፈጥንላት ይመስል። ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ የገባችበትን የባንክ ሥራ የለቀቀችውም አለቃዋ ስብሰባ በከፈቱ ቁጥር የሚያደርጉትን መግቢያ መታገሥ አቅቷት ነው እያለ ታላቅ ወንድሟ ያማታል። እሷም አታስተባብልም። አሁን አራተኛ ፎቅ ላይ ባለው ቤቷ ኬክ ትጋግራለች። በዓለም ላይ እስኪደርስ የምትጠብቀው ነገር ቢኖር ኬክ ብቻ ነው፤ እሱንም ፊት ለፊቱ ቆማ እያፈጠጠችበት።

እናቷ ዕድሜዋን የፈጀችው በአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ነው። እዚያ ሕጉ አንድ ነበር፤ እሳት ከነደደ ድስቱ እስከ አፉ ይሞላ። ግማሽ ድስት ማሞቅ ከሌብነት ይቆጠራል። ቤቷ ለመንገድ ማስፋፊያ ሲፈርስ ያንን ሕግ፣ አንድ ሻንጣና አንድ ወፍ ይዛ ልጇ ዘንድ ገባች። ባለፈው ሳምንት ጥድፌ እንቁላል ልትገዛ ወርዳ ስትመለስ፣ ለሁለት መጋገሪያ የተመታው ሊጥ በሙሉ በአንዱ ተገልብጦ ኦቭን ገብቶ አገኘችው። እናቷ በኩራት «አንድ እሳት በቃው» አለቻት። ሊጡ እንደ ክረምት ወንዝ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ቅቤና ስኳሩ ኦቭኑ ወለል ላይ ከሰለ።

ከዚያ ወዲህ ኦቭኑ በተለኮሰ ቁጥር ይጨሳል። ትናንት አንድ የካፌ ባለቤት ለሙከራ የተላከለትን ኬክ ቀምሶ፣ «እህቴ፣ ኬክሽ ሲጋራ ጀመረ እንዴ?» ብሎ መለሰላት። ደግ ሰው ነው፤ ነገ ጠዋት ሌላ እንድታመጣ ፈቅዶላታል። የነገውም ከጨሰ ግን ሌላ ጋጋሪ ይፈልጋል። የካፌው ሥራ ካመለጣት ደግሞ ጥድፌን የሚጠብቃት ባንኩና የአለቃዋ መግቢያ ነው።

ያልተሞከረ ነገር የለም። ቤኪንግ ሶዳ፣ ኮምጣጤ፣ ሎሚ። የሚረጨው ማጽጃ የእናቷን ደረት ስለዘጋው ከነጠርሙሱ ተጥሏል። የቀረው ማዞሪያው ላይ ያለ፣ እስከ ዛሬ ማንም ያልነካው አንድ ምልክት ነው፤ ኦቭኑ ራሱን የሚያጸዳበት።

«ኬክ ከሚበስልበት እጥፍ ይግላል» አለች ጥድፌ መመሪያውን እየዘለለች እያነበበች። «በሩን ራሱ ይቆልፋል። ቆሻሻው ዐመድ ይሆናል። ሲቀዘቅዝ በጨርቅ ጥርግ ማድረግ ነው፣ አለቀ።»

«ራሱን የሚያጸዳ ነገር አላምንም። ሰው እንኳ ራሱን ሲያጸዳ ከጆሮው ጀርባ ይረሳል።»

«ኦቭን ጆሮ የለውም።»

«የዘለልሽውንስ? እስቲ እሱን አንብቢልኝ።»

ጥድፌ የዘለለችውን አሳምራ ታውቀዋለች፤ እያጉረመረመች አነበበችላት። ጭስና ሽታ ይኖራል። መስኮት ይከፈት። የመተንፈስ ችግር ያለበት ሰው ይራቅ። ወፍ ካለ ከቤት ይውጣ፤ ሳንባው ስስ ስለሆነ ጭሱ ይገድለዋል። እዚህ ቤት ደግሞ ሁለቱም አሉ፤ አስም ያለባት እናትና ዳኛው።

ዳኛው የእናቷ ወፍ ነው። ቢጫ ነው፤ መጠኑም ከእንቁላል አስኳል ብዙም አይበልጥም። አንዲት ድምፅ ከማሰማቱ በፊት አንገቱን አዘንብሎ ግራ ቀኙን ስለሚያይ ነው ስሙ የወጣለት። በዚህ ሰዓት በረንዳው በር አጠገብ ከተሰቀለው ቤቱ ሆኖ እናትና ልጅን በየተራ ያያል፤ ፍርድ ግን አልሰጠም።

«ለዚህ አይደል ጋሼን የጠራሁት» አለች ጥድፌ፣ ወንድሟን ማለቷ ነው። «አንቺንም ዳኛውንም መጥቶ ይወስዳችኋል።»

«ለምን ያህል ጊዜ?»

«ለዛሬ ብቻ ነው ያልኩሽ።»

«እሺ» አለች እናቷ።

ያለ ክርክር የወጣ እሺ ነበር። ጥድፌ ግን እጇ ሳሙና ስለሆነ ልብ አላለችውም።

እናቷ ፍቅፋቂውንና የተሰበረውን ማንኪያ በፌስታል ይዛ ልትጥል ወጣች። ብዙም ሳይቆይ የበሩ ደወል ጮኸ፤ አንድ ጊዜ፣ አጭር። ጥድፌ ጥርሷን ነክሳ በክርኗ ከፈተችው። እናቷ ከበሩ አንድ እርምጃ ራቅ ብላ፣ ጨው ልትበደር እንደመጣች ጎረቤት እጇን አጣምራ ቆማለች። ሁልጊዜ እንዲሁ ናት። በሩ ሲዘጋ ራሱን የሚቆልፍ ነው፤ ተለዋጩ ቁልፍ ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል። ማንም ውሰጂው አላላትም፤ እሷም ስጪኝ ብላ አታውቅም።

«ሥራ አስፈታሁሽ» አለች እናቷ እየገባች።

«ግድ የለም» አለች ጥድፌ። ግድ ነበራት፤ ኬክ መሐል ላይ ያ ደወል ስንት ጊዜ ዘይት በነካ እጇ አስሩጧታል።

የኦቭኑን ሽቦ መደርደሪያዎች አውጥታ መታጠቢያ ቤት አስቀመጠች። የላላውን ቅባት በወረቀት ጠረገች። ከዚያ የወፉን ቤት የምትሸፍንበት ጨርቅ ልትፈልግ እናቷ ክፍል ገባችና በሩ ላይ ቆመች።

ክፍሉ እንግዳ የለቀቀው የሆቴል ክፍል መስሏል። አልጋው ተወጥሮ ተነጥፏል። እናቷ በእጇ ሰፍታ የሰቀለችው መጋረጃ ወርዶ መስኮቱ ራቁቱን ቀርቷል። ሻንጣው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ የመጋረጃው ጫፍ በዚፑ ተይዞ እንደ ምላስ ወጥቷል።

«እማዬ! ይሄ ምንድነው?»

«ሻንጣ።»

«ሻንጣ መሆኑንማ አያለሁ። ለአንድ ከሰዓት መጋረጃ ይዞ የሚሄድ ሰው አለ?»

እናቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። አልተቆጣችም። ወጥ ቤት ውስጥ የቀረውን ወጥ ስትለካ እንደምትናገረው ነበር የተናገረችው። «ወፍ ይውጣ ተባለ። ደረቱ የታመመ ይውጣ ተባለ። ሁለት ጊዜ እስኪነገረኝ ለምን እጠብቃለሁ?»

«መመሪያው ነው ያለው! እኔ አልጻፍኩት።»

«እሱንማ አንቺ አልጻፍሽውም። ትናንት ግን ወንድምሽ በስልክ ‹ለአንድ ቀን ብቻ ምን ያደርጋል፣ ወር ትክረም፣ አንቺም ትረፊ› ሲልሽ ሰምቻለሁ። እጅሽ ሊጥ ሲሆን ስልኩን ጮክ አድርገሽ ጠረጴዛ ላይ ነው የምታስቀምጪው።»

«እና እኔ ምን አልኩት?»

«ምንም። እሱኑ ነው የሰማሁት።»

እውነት ነው። ወንድሟ ያንን ሲላት፣ ለአፍታ ያህል ቤቱ ባዶ ሆኖ ታይቷት ነበር። ጠረጴዛው ላይ ድንች የሚልጥ የለም። መጋገሪያው ግማሽ ነው፣ ጨምሪበት የሚል የለም። ደወል የለም። ደስ ብሏትም ነበር፤ ውሸት አይደለም፣ ደስ ብሏታል። ያ ደስታ ከአፏ ሳይወጣ የቀረ መስሏት ነበር። አሁን ሻንጣ ሆኖ ግድግዳ ተደግፎ አየችው።

ስልኳ ጠራ። ወንድሟ ነው። መኪና መንዳት ያስተምራል፤ ተቀምጦ በሚያስተምርበት በኩልም ፍሬን አለው። ቤተሰቡ እንደሚለው እሱ ያንን ፍሬን ቤትም ይዞት ነው የሚገባው።

«መንገድ ላይ ነን» አለ። «ተማሪዬ ነው የሚነዳው፣ ስለዚህ ቀስ እያልን ነው። ሻንጣው ተዘጋጀ?»

ጥድፌ እናቷን አየች። እናቷ መስኮቱን ታያለች።

«ጋሼ፣ አትምጣ።»

«ምን ማለት ነው አትምጣ? ባለቤቴ እኮ አልጋ አንጥፋ…»

«እግዜር ይስጣት። እማዬ እናንተ ጋ መክረም ስትፈልግ ራሷ ትደውልልሃለች። እኔ እንደ ዕቃ አላስጭናትም።»

«አንቺ ልጅ ምን ነካሽ? ትናንት እኮ ዝም ስትይ ተስማምተናል ብዬ…»

«ትናንት ቸኮልኩ። ተመለስ።»

«ተማሪዬን ዞሮ መመለስ ገና አላስተማርኩትም!»

«እንግዲያው ዛሬ ይማራል» ብላ ዘጋችው።

እናቷ ወደ እሷ ዞረች። «ሰው በዝምታ ሲቸኩል ዛሬ ገና ሰማሁ።»

«እኔ በሁሉም እችልበታለሁ።»

«ታዲያ ኬኩስ? ነገ ሰውየው ምን ይቀምሳል?»

«ኬክ ይቀምሳል። ኦቭኑ ራሱን ያጸዳል።»

«እኔስ? ዳኛውስ?»

«ታች ዛፉ ሥር አግዳሚው ላይ ትቀመጣላችሁ። ጋዜጣም ውሰጂ፣ ኢንሄለርሽንም። እኔ መስኮት ከፍቼ እዚሁ እጠብቀዋለሁ፤ እሳት ለኩሶ ጥሎ መሄድ የለም ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ጭሱ ጥርግ ብሎ ሲወጣ በመስኮት እጠራሻለሁ።»

«ሻንጣዬን ይዤ ልውረድ?»

«አግዳሚ ወንበር መጋረጃ አይሰቀልለትም፣ እማዬ» አለች ጥድፌ፤ ሻንጣውንም በእግሯ ገፍታ አልጋው ሥር ከተተችው። እናቷ አላየሁም ለማለት የሹራቧን ቁልፎች መቆለፍ ጀመረች።

ጥድፌ የቤቱን መስኮቶች ሁሉ ወለል አድርጋ ከፈተች። ነፋሱ ከዳር እስከ ዳር ገባና የካሌንደሩን ወረቀት አርገበገበው። እናቷ የዳኛውን ቤት በጨርቅ ሸፍና፣ ጋዜጣዋን በብብቷ ይዛ ወጣች። ጥድፌ ወደ ወጥ ቤት ሄዳ እጇን ማዞሪያው ላይ አደረገች። ልትጠመዝዘው ስትል ዓይኗ ሚስማሩ ላይ አረፈ።

ማዞሪያውን ተወችው። ቁልፉን ከሚስማሩ መንጭቃ በባዶ እግሯ ሮጠች። እናቷ ሊፍቱ ፊት ቆማለች፤ መጥሪያውን አንድ ጊዜ ብቻ ተጭና በትዕግሥት ትጠብቃለች።

«እማዬ፣ እንቺ።»

«ምንድነው?»

«የቤቱ ነው። ኪስሽ ውስጥ ይቀመጥ። ከዛሬ በኋላ ደወል ብትደውዪ አልከፍትልሽም፣ እጄ ሊጥ ነው።»

እናቷ ቁልፉን መዳፏ ላይ አገላብጣ አየችው። «አንቺስ በምን ትገቢያለሽ?»

«ሁለት ነው ያለው። የኔ ቦርሳዬ ውስጥ…»

ከኋላቸው ነፋሱ በሩን ወስዶ ድው አደረገው። ጥድፌ ዞረች። በሩ ተቆልፏል። ቦርሳዋ ውስጥ ያለው ቁልፍ ቦርሳው ውስጥ ነው፤ ቦርሳውም ቤት ውስጥ ነው፤ እሷ ደግሞ በባዶ እግሯ ኮሪደር ላይ ናት።

ከጨርቁ ሥር ዳኛው በዕለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን አሰማ።

«ተፈረደብሽ» አለች እናቷ።

ሊፍቱ መጣ፤ ተከፈተ፤ የሚገባበት ሲያጣ ተዘግቶ ሄደ። እናቷ የወፉን ቤት ለልጇ አስያዘችና ወደ በሩ ሄደች። ቁልፉን በቀኝ እጇ ይዛ የበሩን ቀዳዳ በግራ እጇ ጣት ፈለገች። መነጽሯን አላደረገችም። ቁልፉን ገልብጣ አስገባችው፤ አልገባም። አወጣችው። አቅንታ ደግማ ሞከረች።

የጥድፌ እጅ ሊሄድ ተነሣ። ከእናቷ ነጥቃ ብትከፍተው ዓይን እስኪጨፈን እንኳ አይፈጅባትም፤ ውስጥ ኦቭኑ ይጠብቃል፣ ነገ ጠዋት የካፌው ሰው ይጠብቃል። እጇን መለሰችና የወፉን ቤት በሁለት እጇ ያዘች። ከበሩም አንድ እርምጃ ራቅ ብላ ቆመች።

ቁልፉ ገባ። እናቷ በቀስታ አዞረችው፣ በሩን በትከሻዋ ገፋችው፣ ከፍታም ያዘችላት።

«ግቢ እንጂ» አለቻት፤ «ምን ይገትርሻል?»