ውሃውን በአንድ ጊዜ አትቀይር

ልጄ ትርሲት ሰኞ ጠዋት የዓሣው ገንዳ ውስጥ ገባች። ፀጉሯን ላበጥርላት ስል "አንተ ታሳምመኛለህ" አለችኝና ወንበር ላይ ወጥታ ገባች። ስትገባ በልኩ ሆነች፤ ከአውራ ጣቴ ትንሽ ትበልጣለች።

ገንዳው የባለቤቴ የምንታምር ነበር። ክረምት ላይ ካረፈች ወዲህ ማንም አልነካውም። መስታወቱ አረንጓዴ ለብሷል፤ ማጣሪያው ያቃስታል፤ ከወርቃማ ዓሣዎቹ የቀሩት ሁለት ናቸው። እናቷን ቀብሬአለሁ። ልጅቷን በቆሻሻ ውሃ አላጣትም ብዬ እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

ዓሣዎቹን ለሸጠልን ለጅላሉ ደወልኩ።

"ልጄ ገንዳው ውስጥ ናት።"

"ዓሣዎቹን አስቸገረች?"

"ጭራቸውን ትጎትታለች።"

"ታዲያ ጤነኛ ናት። ውሃውን ግን በአንድ ጊዜ እንዳትቀይረው፤ ይደነግጣሉ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ። የቧንቧውን ውሃ የክሎሪን መድኃኒቱ እስኪወጣለት ክፍቱን አሳድረው። የማጣሪያውን ስፖንጅ ከራሱ ከገንዳው በቀዳኸው ውሃ እጠበው፤ ሳሙና እንዳታስነካው።"

በእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ኮሪደሩ በሙሉ ጀሪካን ነው። እየተደናቀፍኩበት ስረግመው ኖሬ ለካ ለዚህ ቀን ነበር። ውሃውን ሳፋ ላይ ገልብጬ አሳደርኩት።

ትርሲት የምትናገረው በአረፋ ነበር። አረፋው ላይ ወጥቶ ሲፈነዳ ቃሉ ይሰማል። "አባዬ፣ እየኝ!" ይፈነዳል። እሷ ዓሣ ላይ ተፈናጣ ትዞራለች። አንድ ሰው ሲስቅ ሰማሁ። ዞር ብዬ ባይ ማንም የለም፤ እኔ ነበርኩ።

ጎረቤታችን እትዬ አስካለ በረኪና ይዘው መጡ።

"ልጅ በዚህ ኩሬ ውስጥ? ትንሽ ጠብ ላድርግበት፤ ወገግ ይልልሃል።"

የበረኪናውን ክዳን ከፍተዋል። እጃቸውን ያዝኩ። "እትዬ፣ ይገድላታል!"

ተቆጥተው ሄዱ። በፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ይዘው ተመለሱ። "ይሄንንስ ትከለክለኛለህ?"

እንደገና ደወልኩ።

"ከቧንቧ ነው?" አለ ጅላሉ።

"ከምንጭ።"

"መድኃኒት የለውማ። ግን ይቀዘቅዛል፤ አሳድረህ ጨምር።"

"ጠበል ይደር ይላል? ምን ዓይነት ጉድ ነው!" አሉ እትዬ አስካለ። ቢሆንም አሳደርነው።

እየዋለ እያደረ አረንጓዴው ሳሳ። መስታወቱን በአሮጌ መታወቂያዬ ጠርዝ ፋቅኩት። በማዶ በኩል ምንታምር ያስቀመጠችው ትልቅ ድንጋይ ብቅ አለ።

"ጠርቷል፤ ነይ ውጪ" አልኳት።

"ቆይ፣ ግማሹ ቀርቷል" አለ አረፋው።

ውሃው አለ ወይስ የለም እስኪያሰኝ በጠራ ዕለት ትርሲት ዘላ ወጣች። ወለሉን ስትረግጥ ቁመቷ ተመለሰ። አቀፍኳት፤ ሁለታችንም ረጠብን። የራሷ ግራ ወገን ሹሩባ ተሠርቷል፤ ጥብቅና ቀጭን፣ ልክ እናቷ እንደምትሠራው። ቀኙ እንደ ተንጨባረረ ነው።

ማን ሠራሽ አላልኳትም። "ምን ጎደለ?" አልኳት።

"ማበጠሪያ። እዚያ ውስጥ ያለው ጥርሱ ወልቋል።"

የምንታምርን ማበጠሪያ ከመሳቢያ አወጣሁ። ያለ ሳሙና፣ ባደረ ውሃ አጥቤ ገንዳው ውስጥ ለቀቅኩት። ከድንጋዩ ጀርባ ሰመጠ። ትርሲት ጀርባዋን ለገንዳው ሰጥታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ አንገቷን ጠርዙ ላይ አሳርፋ ያልተሠራውን ፀጉር ውሃው ውስጥ ነከረችው።

ፀጉሩ ተከፈለ። አንዱ ዘለላ በሌላው ላይ መሄድ ጀመረ። ዓሣዎቹ ገለል አሉ።

"ይኮረኩረኛል!" ትርሲት ተፍለቀለቀች።

ከድንጋዩ ጀርባ ትልቅ አረፋ ወጥቶ ፈነዳ።

"ቀጥ በይ!"

ትርሲት ቀጥ አለች። እኔም ቀጥ አልኩ። እትዬ አስካለም በሩ ላይ፣ ጠርሙሳቸውን እንደያዙ፣ ቀጥ አሉ።

በጠራው ውሃ ውስጥ ማበጠሪያው ብቻውን ይወርዳል፤ ይወጣል፤ ይወርዳል።